ቃሉን ፈትቶ ማየት፦ የእንግሊዝኛ ቃላት አወቃቀርና አመዳደብ
(ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ተማሪዎቻችን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያጠኑበትን ደብተር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገጹ ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ የአማርኛው ፍቺ። «ሃፒ» ደስተኛ፤ «አንሃፒ» ያልተደሰተ፤ «ሃፒነስ» ደስታ፤ «አንሃፒነስ» ደስታ ማጣት። አራት መስመር ሞላ፣ ልጁም አራት ቃል ሸመደደ። የቀረበለት ግን አንድ ቃልና ሁለት ቅጥያ ነበር። ይህን የነገረው ቢኖር ኖሮ «ካይንድ» ማለት ደግ ማለት እንደሆነ ባወቀ ዕለት «አንካይንድ»ን፣ «ካይንድነስ»ን፣ «አንካይንድነስ»ን ማንም ሳይተረጉምለት ራሱ ይደርስባቸው ነበር።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ በየምዕራፉ አዲስ ቃል ይጎርፍበታል። ያንን ሁሉ በሽምደዳ ተቋቁሞ የሚዘልቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ የእንግሊዝኛ ቃል ምን እንደሆነም፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነም የሚነግረን አወቃቀሩ ነው፤ ክፍል ውስጥም መቅደም ያለበት እሱ ነው።

መጀመሪያ ቃል ራሱ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ «ግራና ቀኙ ክፍት ቦታ ያለው የፊደላት ስብስብ» የሚል ነው። ይህ መልስ ለኮምፒውተር ይበቃል። ለቋንቋ ግን አይበቃም፤ ክፍት ቦታ ጸሐፊዎች በኋላ ያመጡት ነገርና ከቋንቋው ጋር ያልተፈጠረ ነውና። በኋለኞቹ የሮም ቄሣሮች ዘመን ላቲን የሚጻፈው ቃል ከቃል ተያይዞ ነበር። በቃላት መካከል ክፍት ቦታ የመተው ልማድ የጸናው በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአየርላንድ መነኮሳት እጅ ነው። ላቲን ለእነሱ በትምህርት የመጣ የባዕድ ቋንቋ ስለነበር፣ ቃሉ የት ላይ እንደሚያበቃ ለዓይን ማሳየት አስፈልጓቸዋል። የኛ አባቶች በዚህ ቀድመው ነበር፤ በአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ቃልን ከቃል የሚለይ ቀጥ ያለ ጭረት ይታያል፤ በብራናው ዘመን ቦታውን ሁለት ነጥብ ወሰደ።

ክፍት ቦታው ያለበትን ደግሞ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው አጭሩ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከ16,000 ገደማ ቃላት ላይ ሰረዝ አንሥቷል። ከዚያ በፊት በሰረዝ ተያይዞ ይጻፍ የነበረው «አይስክሬም» ሁለት ሆኖ ተለያየ፤ «ባምብልቢ» የሚባለው የንብ ዓይነት ደግሞ ገጥሞ አንድ ሆነ። በተናጋሪው አፍ ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሰው አይስክሬሙን እንደ ወትሮው ጠርቶ ገዝቷል።

ከዚህም የባሰ አለ። እንግሊዞች ሽርጥን በመካከለኛው ዘመን «ናፕረን» ይሉት ነበር፤ «ናፕኪን» የዚያው ቤተሰብ ነው። አንድ ሽርጥ ለማለት «ኧ ናፕረን» ይላሉ። ሰሚው ግን «ን»ን ከፊተኛው ጋር አያይዞ «ኧን አፕረን» ብሎ ሰማው፤ እንዲያ ሲባል ቆየና ዛሬ ሽርጡ ያለ «ን» ቀረ። «አደር» የሚባለው እፉኝትም በዚሁ መንገድ «ን»ን አጥቷል። ተቃራኒውም ደርሷል፤ «ኒውት» የምትባለው እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት «ን»ን የወሰደችው ከፊቷ ከነበረው «ኧን» ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት ሳይ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የቃል ወሰን ያለው በተናጋሪዎች አእምሮ ውስጥ መሆኑ ነው። ወሰኑ ሊገፋ ይችላል፤ ወረቀቱ በኋላ ይከተላል።

እንግዲህ ወረቀቱን ትተን ወደ ቋንቋው እንግባ። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ሊዮናርድ ብሉምፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት መጽሐፍ ቃልን «ትንሹ ነፃ ቅርጽ» ብለው በየኑት። ነፃ ማለት ብቻውን ሊነገር የሚችል ማለት ነው። «ምን ገዛህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ቡክ» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ «ነስ» ብሎ ግን ሊመልስ አይችልም። ትንሹ የተባለው ደግሞ ሐረግም ብቻውን ስለሚነገር ነው፤ ቃል የሚሆነው ከዚያ በታች ወደ ነፃ ክፍሎች የማይከፈለው ነው።

ይህ ብያኔ ጠንካራ ነው፤ እኔም ለማስተማር ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ሆኖም «ዘ» የምትለዋ ቃል ላይ ይቸገራል። ማን ነው ለጥያቄ «ዘ» ብሎ የሚመልስ? ነገር ግን «ዘ ቡክ» በሚለው መካከል «ኦልድ»ን አስገብቶ «ዘ ኦልድ ቡክ» ማለት ይቻላል። «ቡክስ» በሚለው ውስጥ ግን ከ«ቡክ»ና ከብዙ ቁጥሩ «ስ» መካከል ምንም ነገር ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ «ዘ» ራሷን የቻለች ቃል ናት፣ «ስ» የቃል ክፍል ናት እንላለን። ይህ የማስገባት ፈተና ተማሪ በደቂቃ ውስጥ የሚይዘው ነገር ነው።

ይህም ፈተና የሚያቅተው አንድ ቦታ አለ፤ ለእኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በጣም ስለሚቀርበን ትንሽ ልቆይበት። የእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ ለማለት «ዘ ኪንግ ኦቭ ኢንግላንድስ ክራውን» ይባላል። ባለቤትነትን የምታሳየው «ስ» የተለጠፈችው በ«ኢንግላንድ» ላይ ነው። ዘውዱ ግን የንጉሡ ነው። «ስ» የያዘችው ሙሉውን ሐረግ ነው፤ የተቀመጠችው ግን መጨረሻ በተገኘው ቃል ላይ ነው። አሁን «የረጅሙ ልጅ ደብተር» የሚለውን አስቡ። «የ» የተለጠፈችው በ«ረጅሙ» ላይ ነው፣ ደብተሩ ግን የልጁ ነው። እንግሊዝኛ በሐረጉ ጅራት ላይ የሚለጥፈውን አማርኛ በሐረጉ ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ሥራው አንድ ነው። ተማሪው ይህን በራሱ ቋንቋ ካየ በኋላ የእንግሊዝኛው አይከብደውም።

በነገራችን ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቃል ውስጥ የሚጭኑት ሸክም እኩል አይደለም። «አልሰበርኩላቸውም» አንድ ቃል ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ቢያንስ አምስት ስድስት ቃል ይሆናል። በውጭ አገር በቃል ቁጥር የሚከፈላቸው የአማርኛ ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት በኪሳቸው ያውቁታል።

ድምፅም ምስክር ነው። በዝዋይም በሆለታም የአበባ እርሻ የሚሠራ ሰው «ግሪን ሃውስ» የሚለውን ቃል ጠዋት ማታ ይጠቀምበታል። ፕላስቲኩ ነጭ ቢሆንም ስሙ ያው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ሲጠራ ድምፁ ከፍ የሚለው «ግሪን» ላይ ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መኖሪያ ቤት ለማለት ከሆነ ግን «ሃውስ»ም ከፍ ይላል፣ እንዲያውም ይበልጣል። የመጀመሪያው ጥምር ቃል ነው፣ ሁለተኛው ሐረግ ነው። ዋሺንግተን ያለው «ዋይት ሃውስ»ም እንዲሁ ነው፤ «ዋይት» ላይ ከፍ ካለ የፕሬዚዳንቱ ቤት ነው፣ አለበለዚያ ማንኛውም ነጭ ቤት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ጥምር ቃል ይህን ሕግ አይከተልም፤ ብዙው ግን ይከተላል። ሌላም መለያ አለ፦ «ቬሪ» የሚለውን ከፊቱ ጨምሩ። በጣም አረንጓዴ ቤት ማለት ይቻላል፤ የአበባው «ግሪን ሃውስ» ግን «ቬሪ»ን አይቀበልም፣ «ግሪን» እዚያ ውስጥ ቅጽልነቱን ትቶ የስሙ አካል ሆኗልና።

ወደ አመዳደቡ እንለፍ። ቃልን ስንፈታ የምናገኛቸው ትርጉም ወይም አገልግሎት ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች ምዕላድ ይባላሉ። ብቻውን የሚቆመው ነፃ ምዕላድ፣ ሌላውን ተደግፎ የሚኖረው ጥገኛ ምዕላድ ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ እያልን የምናስተምራቸው ጥገኞች ናቸው። አንድ ነፃ ምዕላድ ብቻ ያለው ቃል ነጠላ ነው፤ «ቡክ»፣ «ዋተር»፣ «ኤለፋንት»። «ኤለፋንት» ረጅም ስለሆነ ነጠላ አይመስልም፤ ነገር ግን የቱን ቆርጣችሁ ትርጉም ታገኛላችሁ? ነፃው ላይ ጥገኛ ሲጨመር ምስርት ቃል ይሆናል፤ ሁለት ነፃዎች ሲጣመሩ ጥምር ቃል ይሆናል። ጥምሩ ላይ ቅጥያ ሲመጣም አለ፤ ግራኝ ማለት የሆነው «ሌፍት-ሃንድድ» ከ«ሌፍት» እና ከ«ሃንድድ» የመጣ አይደለም፣ መጀመሪያ «ሌፍት ሃንድ» ተብሎ ነው ቅጥያው በጥቅሉ ላይ ያረፈው።

ይህ ክፍፍል በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በግማሽ ገጽ ያልቃል። ሀብቱ ያለው ግን ከዚያ ወዲያ ነው።

«አንሎካብል» የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሦስት ምዕላድ አለው፦ «አን»፣ «ሎክ»፣ «አብል»። «ሎክ» መቆለፍ ነው። አሁን የትኛው ከየትኛው ጋር ቀድሞ እንደተጋባ ጠይቁ። «ሎክ» ከ«አብል» ጋር ቀድሞ ከገጠመ ሊቆለፍ የሚችል ይሆናል፤ «አን» ሲጨመርበት ሊቆለፍ የማይችል፣ ቁልፉ የተበላሸ በር ማለት ነው። «አን» ከ«ሎክ» ጋር ቀድሞ ከገጠመ ግን መክፈት ይሆናል፤ «አብል» ሲመጣበት ሊከፈት የሚችል በር ማለት ነው። አንድ ቃል፣ አንድ አጻጻፍ፣ የሚቃረኑ ሁለት ትርጉሞች። ልዩነቱን የፈጠረው የአገጣጠም ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ቃል ክፍሎቹ በመስመር የተደረደሩበት ነገር ሳይሆን በደረጃ የተሠራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ክፍል ሁሉ ትርጉም ይኑረው የሚለውም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። «ብላክቤሪ» ጥቁር ነው፣ «ብሉቤሪ» ሰማያዊ ነው፤ «ክራንቤሪ»ስ? «ክራን» ዛሬ ለተናጋሪው ብቻውን ምንም አይልም፤ ሥራው አንዱን ፍሬ ከሌላው መለየት ብቻ ነው። ከዚህ የጠለቀው የላቲን ወገን ነው። «ሪሲቭ» መቀበል፣ «ዲሲቭ» ማታለል፣ «ፐርሲቭ» ማስተዋል፣ «ከንሲቭ» መፀነስ። «ሲቭ» ብቻውን በእንግሊዝኛ ምንም ትርጉም የለውም፤ አራቱንም የሚያገናኝ ትርጉም ለመፈለግ መድከም ከንቱ ነው። ነገር ግን አራቱም ወደ ስም ሲለወጡ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፦ «ሪሴፕሽን»፣ «ዲሴፕሽን»፣ «ፐርሴፕሽን»፣ «ከንሴፕሽን»። «ፐርሚት» እና «ሳብሚት»ም እንዲሁ «ፐርሚሽን» እና «ሳብሚሽን» ይሆናሉ። ትርጉሙ የሞተ ክፍል መዋቅሩ ግን በሕይወት አለ። ተማሪያችሁ ይህን ዘር ካወቀ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን በእጁ ያገኛል።

በጥምር ቃል ዋናው ጥያቄ ራሱ፣ ማለትም የጥምሩን ምንነት የሚወስነው ክፍል፣ የቱ ነው የሚለው ነው። እንግሊዝኛ ራሱን በስተቀኝ ያስቀምጣል። «ሬስሆርስ» የእሽቅድምድም ፈረስ ነው፤ «ሆርስ ሬስ» ደግሞ የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፣ ቦታቸው ሲለዋወጥ አንዱ እንስሳ አንዱ ውድድር ሆነ። በዚህ የኛ «ቡና ቤት» እና «ምግብ ቤት» ከእንግሊዝኛው ጋር ይሄዳሉ፤ ከግዕዝ የወረስናቸው «ቤተ መጻሕፍት» እና «ቤተ መንግሥት» ግን ራሳቸው በስተግራ ነው። ራስ የሌለውም ጥምር አለ። «ፒክፖኬት» የኪስ ዓይነት አይደለም፣ ሌባ ነው፤ እኛም ኪስ አውላቂ ስንለው ሌባ የሚል ቃል ውስጡ የለም። ራስ አልባው ጥምር አንዳንዴ በብዙ ቁጥሩ ይታወቃል። «ሊፍ» ማለት ቅጠል ሲበዛ «ሊቭዝ» ነው፤ የቶሮንቶ የበረዶ ሆኪ ቡድን ግን «ሜፕል ሊፍስ» ነው የሚባለው። ቡድኑ የቅጠል ዓይነት ስላልሆነ የቅጠሉ እንግዳ እርባታ፣ ማለትም ሲበዛ ቅርጹን መለወጡ፣ ወደ ስሙ አላለፈም።

እርባታን ካነሣን፣ ዛሬ እንግሊዝኛ የቀሩት የእርባታ ቅጥያዎች በተለመደው አቆጣጠር ስምንት ብቻ ናቸው፦ ሁለት ለስም፣ አራት ለግስ፣ ሁለት ለቅጽል። እነዚህ አዲስ ቃል አይፈጥሩም፣ ያለውን ቃል ለዓረፍተ ነገሩ ያዘጋጁታል። ቦታቸውም ዳር ነው፤ «ቲች» መጀመሪያ «ቲቸር» ይሆናል፣ ከዚያ «ቲቸርዝ»። የብዙ ቁጥሩ ምልክት ከ«ኧር» ቀድሞ ገብቶ አያውቅም።

ይህ እውቀት ሰው ውስጥ መኖሩን ያሳዩት አሜሪካዊቷ የሥነ ልሳን ምሁር ጂን በርኮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት ለትንንሽ ልጆች ወፍ የምትመስል ፍጥረት ሥዕል አሳዩና «ይህች ዋግ ናት፤ አሁን ሌላ መጣች፣ ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ምን?» ብለው ጠየቁ። «ዋግ» በእንግሊዝኛ የሌለ ቃል ነው። ከልጆቹ አብዛኞቹ «ዋግዝ» ብለው መለሱ። መጨረሻውን ልብ በሉት፤ «ዋግስ» አላሉም። በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር «ካትስ» ላይ «ስ»፣ «ዶግዝ» ላይ «ዝ»፣ «ሆርስ» ላይ ሲሆን «ሆርሲዝ» ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ሦስቱንም በአንድ ምልክት ይሸፍናቸዋል፤ የኛ ፊደል ግን ለይቶ ያሳያቸዋል። ለዚህ ትምህርት የራሳችንን ፊደል ሰሌዳ ላይ መጠቀም ነውር የለውም፣ እንዲያውም ይሻላል።

አሁን ወደ ቃል ክፍሎች። «ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው» እያልን እናስተምራለን። «አራይቫል» መድረስ ነው፤ ድርጊት ነው፤ ግን ስም ነው። በምን አወቅን? በቅጥያው፣ በፊቱ «ዘ»ን በመቀበሉ፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በያዘው ቦታ። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ቻርልስ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1952 የእንግሊዝኛን ቃላት የመደቡት በዚህ መንገድ ነው። በሚሺጋን የተቀዱ የስልክ ንግግሮችን መሠረት አድርገው፣ ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተው፣ በዚያ ባዶ ቦታ የሚገጥሙትን ቃላት ሁሉ በአንድ ምድብ አስቀመጡ። የትርጉም ብያኔን ገሸሽ አደረጉት። ጨክነዋል የሚሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ተማሪዎቻችሁን ፈትኑ። «ዘ ፕሎቢሽ ድራፍስ ወር ሚንክሊንግ ዛርፍሊ» ብላችሁ ጻፉ። አሁን የፈጠርኩት ነው፣ ትርጉም የለውም። ስሙ የቱ ነው ብትሉ «ድራፍስ» ይላሉ፤ ግሱ «ሚንክሊንግ»፣ ቅጽሉ «ፕሎቢሽ»፣ ተውሳከ ግሱ «ዛርፍሊ»። በአማርኛም «ብሪጮቹ ተዛረነቁብን» በሏቸው፤ ብዙ መሆናቸውንም፣ እኛን መጉዳታቸውንም ያውቃሉ።

ከእነዚህ ውጭ ያሉትን የቃል አፈጣጠር መንገዶች በፍጥነት ልለፋቸው። «ላብ» ከ«ላቦራቶሪ»፣ «ኤግዛም» ከ«ኤግዛሚኔሽን» ተቆርጠው የቀሩ ናቸው፤ «ብራንች» ከቁርስና ከምሳ የእንግሊዝኛ ስሞች ተቀላቅሎ የወጣ ነው፤ «ሌዘር» ከመጀመሪያ ፊደላት የተለቀመ ነው፤ «ኤዲት» ከ«ኤዲተር» በኋላ የመጣ፣ ቅጥያ መስሎ የታየው ተነሥቶለት የተወለደ ግስ ነው። አንዱን ግን ማለፍ አልችልም። «ሃምበርገር» የተሠራው ከጀርመኗ ከተማ ከሃምቡርግ ስምና ከ«ኧር» ነው። ተናጋሪዎች ግን «ሃም» እና «በርገር» ብለው ከፈሉት፤ «ሃም» የአሳማ ሥጋ ነው፣ ምግቡ ግን የሚሠራው ከበሬ ሥጋ ነው። ከዚያ ስህተት «ቺዝበርገር» ተወለደ፣ «በርገር»ም ነፃ ምዕላድ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ መጣ።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ከግሪክና ከላቲን ሥሮች የተገነባው የሳይንስ ቃል ነው እላለሁ። «ባዮሎጂ» ውስጥ «ባዮ»ም «ሎጂ»ም ብቻውን አይቆምም፤ ሁለት ጥገኞች ተደጋግፈው አንድ ቃል አቁመዋል። «ባዮ» ሕይወት፣ «ሎጂ» ጥናት፣ «ጂኦ» ምድር፣ «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሃይድሮ» ውሃ፣ «ቴርሞ» ሙቀት፣ «ሜትር» መለኪያ። ቴርሞሜትርን ጤና ጣቢያ ያየ ልጅ ግማሹን ያውቀዋል፤ «ሃይድሮሜትር»ን መገመት አያቅተውም። «ፎቶሲንተሲስ»ም «በብርሃን ማቀናጀት» ተብሎ ሲፈታ የትምህርቱ ግማሽ ስሙ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ከባዮሎጂና ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ይቀመጥ፤ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ አዳዲሶቹን ቃላት ያውጡ፤ ተማሪው ፍቺውን ከመጻፉ በፊት ቃሉን ይፍታ፣ ሥሩን ያስምርበት፣ ቅጥያው ከየትኛው የቃል ክፍል ወደየትኛው እንደወሰደው ይጻፍ፣ ከዚያው ሥር የወጡ ሁለት ሌሎች ቃላትን ፈልጎ ያምጣ። ደብተሩ ሁለት ዓምድ መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሁን፤ መካከለኛው ዓምድ የአወቃቀሩ ይሁን። ፈተና ስናወጣም ልጁ አይቶት የማያውቀውን፣ ክፍሎቹን ግን የሚያውቃቸውን ቃል እንስጠው፤ ውጤቱንም ሦስታችን መምህራን አብረን እንየው።